ግንቡ የበላው አሸዋ

ሴቫስቲ ሆቴል የምትመርጠው ባሕሩ ውስጥ ቆማ ነበር።

ሌሎቹ የጉዞ ድርጅቱ ሠራተኞች በዋናው በር ይገባሉ። ፍራሹን ይጫናሉ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ይከፍታሉ፣ ቁርሱን ይቀምሳሉ። እሷ መጀመሪያ ጫማዋን ታወልቃለች። ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ጉልበቷ እስኪደርስ ትገባና ፊቷን ወደ ምድር ትመልሳለች። አሸዋው ከውሃው በታች እንዴት እንደሚወርድ በእግሯ ትዳስሳለች፤ ሞገዱ ወደ ኋላ ሲሸሽ ምን ይዞ እንደሚሄድ ትመለከታለች።

«ከመንገድ በኩል የማያምር ሆቴል የለም» ትል ነበር። «እንግዳው የሚመጣው ግን ለባሕሩ ነው።»

ስለ አሸዋ ዋሽታ አታውቅም። ባለሆቴሎች ሲለማመጧት፣ ሲቆጧት፣ አልፎ አልፎም ሲያለቅሱባት አይታለች፤ የሌለውን አለ አላለችም። አለቃዋ አቶ ዲማራስ አቴና ቢሮው ተቀምጦ፣ «ሴቫስቲ አለ ካለች አለ፣ የለም ካለች የለም። እኔ መሄድ አያስፈልገኝም» ይል ነበር።

ሚናስ በካርፓቶስ ደሴት ያገኛት እንደዚያ ቆማ ነው። ሚያዝያ ነበር፤ ፋሲካ አልደረሰም፣ ሆቴሎቹ ሁሉ ገና ዝግ ናቸው። የመስኮት መዝጊያ ሰማያዊ ቀለም እየቀባ ሳለ ቀና ሲል፣ አንዲት የማያውቃት ሴት ውሃ ውስጥ ቆማ ሆቴሉን አፍጥጣ ታየዋለች። ብሩሹን እንደያዘ ወደ ዳሩ ወረደ።

«በሩ በዚያ በኩል ነው፣ እመቤት።»

«አውቃለሁ። ባለቤቱ እርስዎ ነዎት?»

«ቀለም ስቀባ እኔ ነኝ። እንግዳ ሲጣላኝ ግን ባለቤቱ አቴና ነው ያለው እላለሁ።» ቀለም የነካውን እጁን በሱሪው ጠረገ። «ውሃው አይበርድም?»

«ይበርዳል።»

«ታዲያ ምን ይሠራሉ?»

«ሆቴልዎን እያየሁ ነው።»

ሚናስ ዞሮ ሆቴሉን አየ፤ ከዚያ እሷን። «በእጄ ነው የሠራሁት» አለ። «ግን ከዚያ ሆኜ አይቼው አላውቅም።» ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን እንኳ ሳይሰበስብ ገብቶ አጠገቧ ቆመ። አብረው አዩ።

«ትንሽ ናት» አለ በመጨረሻ።

«ትንሽ ናት። ግን ቦታዋን ታውቃለች። ከውሃው ርቃ ነው የቆመችው።»

ምሳ ካልበሉ አይሄዱም አላት። ማካሩነስ የሚሉትን በእጅ የተፈተለ ፓስታ በጠቆረ ሽንኩርትና በፍየል አይብ አቀረበላት። ነፋሱ የጠረጴዛ ልብሱን ሊነጥቃቸው ሲታገል እሱ በድንጋይ እየጫነ ያወራት ነበር። በዚያ ደሴት የእናት ንብረት ለመጀመሪያዋ ሴት ልጅ፣ የአባት ንብረት ለመጀመሪያው ወንድ ልጅ ይሄዳል። የአባቱ የበለስና የወይራ መሬት ለታላቅ ወንድሙ ደረሰ፤ ወንድሙም ሸጦት ባልቲሞር ገባ። የእናቱ ቤትና ሰፊው የባሕር ዳር ለእህቱ ለካልዮፒ ሆነ፤ እሷም ትልቁን ሆቴል አቆመችበት።

«ለእርስዎስ?»

«ለእኔ ይቺ ገደል ሥር ያለችው ጫፍ ተረፈችኝ። ፍየሎቹ እንኳ ሲያዩዋት ይመለሱ ነበር» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ሴቫስቲ ጨዋታውን ለመመለስ ያህል፣ «በስንት ደሴት ዞሬ አንድም ቦታ ያላገኘሁት ነገር አለ» አለችው።

«ምን?»

«ቁጭ ብዬ ስበላ ውሃው እግሬን ልንካ አልንካ የሚልበት ጠረጴዛ።»

ለጨዋታ ነበር ያለችው። ሚናስ ግን አልሳቀም። ሹካውን አስቀምጦ፣ ከበረንዳው እስከ ውሃው ያለውን አሸዋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ያን አስተያየቱን ኋላ ብዙ ጊዜ አስባዋለች።

በዚያ ዓመት የካልዮፒንም የሚናስንም ሆቴል ለድርጅቱ አላስመዘገበችም፤ ሌሎች ደሴቶች ይቀሯት ነበር። ሚናስ ግን እሷ ወደምትኖርበት ወደብ ከተማ፣ ወደ ፒሬዎስ ይደውልላት ጀመር። መጀመሪያ ስለ ሆቴል፣ ቀጥሎ ስለ ነፋስ፣ ቀጥሎ ስለ ምንም። ክረምቱን ሁሉ ከድምፁ ጀርባ አንድ የሚያጉረመርም ነገር ትሰማ ነበር።

«ነፋሱ እዚያ አይተኛም?» ትለዋለች።

«አይተኛም። እኔም አልተኛሁም።»

«አንተን ምን ነካህ?»

«ሚያዝያ ሩቅ ነው» ይላታል።

ሚያዝያ ሲመጣ መርከቡ ድረስ ወርዶ ተቀበላት። ሆቴሉ ጋ ሲደርሱ ቀለም ቀለም በሚሸት እጁ ዓይኗን ሸፈነ። «እንዳታጭበረብሪ፣ ዓይኔ። ደረጃ አለ። ሌላ ደረጃ አለ። አሁን ተቀመጪ።»

ዓይኗን ስትገልጥ ባሕሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከበረንዳው እስከ ውሃው አሸዋ የነበረው ቦታ በድንጋይና በሲሚንቶ ተሞልቶ፣ ጫፉ ላይ ግንብ ቆሟል። ግንቡ ጥግ አንድ የእብነ በረድ ጠረጴዛ ተተክሏል፤ ከሥሩም ውሃው የሚደርስበት አንድ ዝቅ ያለ ደረጃ ተሠርቷል። ሞገዱ መጥቶ ግንቡን መታ፤ ነጭ አረፋ ተነሥቶ የጫማዋን አፍንጫ ነክቶ ተመለሰ።

«የምትሰሚው ነፋስ አልነበረም» አለ ሚናስ። «የሲሚንቶ ማቡኪያው ነው።»

ሴቫስቲ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ። ደሴት ለደሴት ስትዞር የኖረች ሴት ናት፤ ሰው አንድ የተናገረችውን ቃል ወስዶ ክረምት ሙሉ በትከሻው ሲሸከም አይታ አታውቅም።

ካልዮፒ በዚያው ቀን ልታያት መጣች። ሰፊ፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ነበረች፤ ሴቫስቲን ሁለት ጉንጯን ስማ፣ ወዲያው ወንድሟ ላይ ዞረች። «እኛ አገር ወንድ ሲያገባ ነው ቤት የሚያገኘው። አንተ ቤት ሰጥተህ ሚስት ልታገኝ ነው? መንደሩ እየሳቀብህ ነው እኮ።»

«ይሳቅ። ቤቱ የሷ ነው። እኔ ነኝ እሷ ቤት የምገባው።»

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ» አለች ካልዮፒ። «ካስቸገረሽ ከቤትሽ ታስወጪዋለሽ፣ ልጄ።»

ድርጅቱ ለሚመጣው ዓመት በዚያ ዳርቻ አንድ ሆቴል መርጦ ለአምስት ዓመት ሊይዝ ነበር። ሚናስ ይህን ሲሰማ፣ «ያኔ እንጋባለን» አላት። «ክረምት ከበጋ የሚያኖረን ሥራ ሲኖር ፒሬዎስን ትተዪያለሽ።» እሷም እሺ አለች። የምትመርጠው ራሷ እንደሆነች ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ማንም አላነሣውም።

በማግስቱ ማለዳ እንደ ልማዷ ውሃ ውስጥ ገባች። አምና ውሃው ጉልበቷን በነካበት ቦታ ላይ ጭኗን ነካ። ከእግሯ ሥር አሸዋ ሳይሆን ጠጠር አለ። ቆማ አሰበች፤ ክረምት አሸዋ ይወስዳል፣ በጋ ይመልሳል፣ የትም ቦታ እንዲህ ነው። ስለዚህ ዝም አለች።

ጥቅምት ላይ ተመልሳ መጣች። አሸዋው አልተመለሰም ነበር። ሚናስ ግንቡ ላይ ተቀምጦ ዓሣ እየጠረገ ያፏጫል። እንደገና ዝም አለች።

በሦስተኛው ሚያዝያ ውሃው ወገቧ ደረሰ። ከገደሉ ራቅ ብሎ፣ ከካልዮፒ ሆቴል ፊት ለፊት፣ ጨው የማይገድላቸው አርሚሪኪ የሚባሉ ዛፎች ተደርድረው ነበር፤ ሥራቸው ከአሸዋው ወጥቶ እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማት ተገትሯል። ሴቫስቲ ውሃው ውስጥ እስኪያንቀጠቅጣት ቆመች። ያየችው ነገር ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

በማግስቱ ካልዮፒ አንድ የተሰበረ ሥር ይዛ መጣች። ሚናስና ሴቫስቲ ቁርስ ላይ ነበሩ። ሥሩን እብነ በረዱ ላይ ከዳቦው አጠገብ ጣለችው።

«ይኼ ምንድነው?» አለ ሚናስ።

«እናታችን የተከለችው ዛፍ ነው። ትናንት ወደቀ።»

«ነፋስ ነዋ።»

«ነፋሱ እኔ ሳልወለድም ነበር። ግንብህ ነው የጣለው። አሸዋዬን እየበላው ነው።»

«አሸዋሽን? ቤቱን ወሰድሽ፣ ሰፊውን ዳር ወሰድሽ። ገደል ሥር ያለችኝን ባሠራ ደግሞ ዓይንሽ ቀላ።»

«ዓይኔ ቢቀላ መሠረቱን ስትጥል አስቆምህ ነበር። ሲሚንቶውን ያመጣልህ የማን መኪና ነው?»

«እሱንማ ስታወሪው ትኖሪያለሽ።»

«አወራዋለሁ። ሌላ ለማን ላውራ? ያለኸኝ አንተ ነህ።»

ሚናስ ወደ ሴቫስቲ ዞረ። ፊቱ ላይ ንዴት ሳይሆን መተማመን ነበር፤ ያ ነው የከበዳት። «ንገሪያት» አለ። «የባሕር ዳር የምታውቂው አንቺ ነሽ። ንገሪያትና ትሂድ።»

ሞገድ መጥቶ ግንቡን መታ። ሴቫስቲ አረፋው ሲነሣ፣ ሲወድቅ፣ ሲሸሽ አየች።

«እውነቷን ነው» አለች።

እጆቿን እያየች ቀጠለች። «ድሮ ሞገዱ ተዳፋቱ ላይ ወጥቶ ይደክም ነበር። ይዞት የመጣውን አሸዋ አስቀምጦ ይመለሳል። አሁን የሚያደክመው የለም። ግንቡን መትቶ፣ በመጣበት ጉልበት ጠርጎ ይዞ ይወጣል። እዚህ ያለውን ጨርሷል። አሁን ወደ እትዬ ካልዮፒ እየሄደ ነው።»

ካልዮፒ አልተደሰተችም። ሥሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች፤ የወንድሟን ትከሻ ልትነካ እጇን ዘርግታ መለሰችው። «እንዲህ እንድትይው ብዬ አልነበረም» አለች ለሴቫስቲ በዝግታ፤ ሄደች።

ሚናስ ዳቦውን ገፋ አደረገው። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አምና ጠረጠርኩ። ጥቅምት ላይ አወቅሁ።»

«ጥቅምት ላይ። ክረምቱን ሁሉ በስልክ ስናወራ ታውቂ ነበር።»

«ይመለሳል ብዬ ነበር።»

«አንቺ? አንቺ እኮ ይሆናል አትይም። አይተሽ ነው የምትናገሪው።»

«ባንተ ነገር ግን ይሆናል አልኩ።»

ሚናስ ወደ ባሕሩ አየ። እሷ ጉንጩ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰማያዊ የቀለም ነጠብጣብ አየች፤ በጣቷ ልትጠርግለት ፈለገች፣ አልደፈረችም።

«አፍርሰው፣ ሚናስ። ድርጅቱ አንድ ዓመት እንዲታገሰን እለምናለሁ።»

«ላንቺ ነው የሠራሁት።»

«አውቃለሁ።»

«በዓለም ላይ እንደዚህ ያለ ጠረጴዛ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። አፍርሰው ትይኛለሽ።»

«አዎ።»

ስልኳ ሲጮህ ገና እንደተቀመጡ ነበሩ። አቶ ዲማራስ ነው። «እህ፣ የትኛው ሆነ?»

«አንድ ዓመት ቢታገሱኝ…»

«አልችልም፣ ልጄ። የሆቴሎቹ ዝርዝር ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ የቀረኝ ያ ዳርቻ ብቻ ነው። ሕፃናት የያዙ ቤተሰቦች ናቸው የሚመጡት። አሸዋ ያለው የትኛው ነው?»

ሚናስ ሰምቶታል። አላባበላትም፣ ራሱን አልነቀነቀም። ቢለምናት ይቀላት ነበር። ዓይኑ ውስጥ የነበረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሱንም ከሁለት ዓመት በፊት ውሃ ውስጥ አጠገቧ ቆሞ በዓይኑ ጠይቋታል፤ ከዚያ ስታዪኝ ምን እመስላለሁ?

«የካልዮፒ» አለች።

ስልኩን ስትዘጋ ሚናስ የዳቦ ፍርፋሪውን ከእብነ በረዱ ላይ በመዳፉ ጠርጎ ወደ ባሕሩ በተነው። በጥንቃቄ ነበር የሚጠርገው፤ አንዲት እንኳ አላስቀረም።

«መርከቡ ዛሬ ይመጣል አይደል?»

«ይመጣል።»

«ነፋስ ሳይነሣ ብትሄጂ ይሻልሻል» አለ።

ወደብ ድረስ ይመጣል ብላ ጠበቀች። መርከቡ ወጥቶ ገደሉን ሲዞር፣ ከሩቅ ትንሿን ሆቴል አየቻት። ከባሕር በኩል ሲታይ ግንቡ ነጭ መስመር ነበር፤ ጠረጴዛው ነጥብ። ሰው አልነበረበትም።

ሴቫስቲ አቶ ዲማራስን ወደ ሰሜን ደሴቶች እንዲያዛውራት ጠየቀች። ለምን አላላትም። እናቷ ከሚኖሩበት የፒሬዎስ ኪራይ ቤት ሆና፣ ክረምት ክረምት ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛ ነበር። እሱ ይቅር ብሎኛል ወይም አላለኝም፤ ይህን መናገር ያለበት እሱ ነው አለች። አልደወለም። እናቷ በሦስተኛው ክረምት ሞቱ። ቤቱን ለቅቃ ጠበብ ያለ ቤት ተከራየች፤ የስልክ ቁጥሯን ግን አልቀየረችም። ስልክ የሚሸጡት ልጆች ሌላ አዲስ መስመር ሊያስገዟት ሲሉ፣ «ይኼን ቁጥር የሚያውቅ ሰው አለ» ትላቸው ነበር።

አምስት ዓመቱ ሲያልቅ አቶ ዲማራስ፣ «ካርፓቶስ እንደገና ይመረጣል» አላት። «ሌላ ሰው ልላክ?» «እኔ ልሂድ» አለች።

ካልዮፒ በሯ ላይ አቅፋ ተቀበለቻት። ጉልበቷ ታስሯል፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። «መጀመሪያ ውሃው፣ አይደል?» አለቻት። «ሂጂ፣ ሂጂ። ቡናው ይጠብቃል።»

ሴቫስቲ ገባች፤ ዞረች። የካልዮፒ ዳርቻ ሰፍቷል። የዛፎቹ ሥር ተሸፍኗል። ከውሃው በታች አሸዋው ለስላሳ ሆኖ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ገደሉ አየች። ነጩ መስመር አልነበረም።

ስትመለስ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። «ግንቡን ባሕሩ ወሰደው?»

«ተቀመጪ» አለች ካልዮፒ።

«ባሕሩ ነው የወሰደው?»

«እሱ ነው። አንቺ በሄድሽበት ዓመት፣ የመጨረሻው እንግዳ ሲወጣ መዶሻ አንሥቶ ጀመረ። ላግዝህ ያለውን ሁሉ አባረረ። ክረምቱን ሁሉ ፍርስራሹን ከውሃ ውስጥ ሲጎትት ከረመ፤ ጠጠር እንኳ አላስቀረም። ጠረጴዛውን ብቻ ተወው።»

ሴቫስቲ ወንበሩ ላይ በዝግታ ተቀመጠች። «ለምን አልነገረኝም?»

«ደውልላት አልኩት። ስንቴ አልኩት። ‹ምን ብዬ? አፈረስኩ ብዬ? እሷ በወሬ አታምንም፤ አሸዋው ይመለስና አምጥቼ አሳያታለሁ› አለኝ።»

«አንቺስ፣ እትዬ ካልዮፒ?»

«በእናታችን መቃብር አስምሎኝ ነበር።» ካልዮፒ ምርኩዟን ወለሉ ላይ አሽከረከረች። «በየማለዳው ጫማውን አውልቆ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ይዞርና ይቆማል። መንደሩ ሳቀበት፤ ‹ሚናስ የራሱን ሆቴል ሊከራይ ነው› እያሉ። የእኔ ዳር በሁለተኛው በጋ ተመለሰ። የሱ እምቢ አለ። ማዕበል መጥቶ በረንዳውን ወሰደ፤ በዓመቱ የፊት ክፍሎቹን ወሰደ። እሱ የቀሩትን መስኮቶች ቀለም ይቀባል። ‹ለማን ነው የምትቀባው?› ስለው፣ ‹ከባሕሩ በኩል ይታያል› ይለኛል።»

«አሁን የት ነው?»

«ባልቲሞር። ጥቅምት ላይ ሄደ። ከወንድማችን ጋር ድልድይ ይቀባል።» ወደ ውጭ እያየች፣ «ሊያገባ ነው» አለች። «ነሐሴ ላይ እዚያው። ሪጎፑላ ትባላለች፤ የእኛው መንደር ልጅ ናት፣ እዚያ ያደገች። ክፉ አይደለችም፣ ልጄ፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ‹አሁን በማለዳ አይነሣም፣ ይተኛል› አለችኝ በስልክ። በደስታ ነው የነገረችኝ። ስንት ዓመት ያልተኛ ሰው ነው።»

ከውጭ የሚመጣው የሞገድ ድምፅ ለስላሳ ነበር፤ የሚመታው ነገር አልነበረም።

«ግን እሑድ እሑድ ሲደውል፣ ጤናዬን እንኳ ሳይጠይቅ፣ ‹ተመለሰ?› ነው የሚለኝ። እኔ ይኼ ጉልበቴ በመካከላችን ካለው ድንጋይ ማዶ አያሻግረኝም። ሳላይ አልተመለሰም እለዋለሁ። ባለፈው እሑድ ‹ከተመለሰ ትኬት እቆርጣለሁ› አለ። ሳቀ። ሳቁን ግን አውቀዋለሁ፤ ሳቅ አልነበረም።» ካልዮፒ ቀና ብላ አየቻት። «ነገ እሑድ ነው። ሂጂና እይልኝ። ያየሽውን እነግረዋለሁ። ከዚያ የሚሆነው ይሁን። ደክሞኛል፣ ሳላውቅ መናገር።»

ሴቫስቲ ብቻዋን ሄደች። ድንጋዮቹን ስታልፍ ትንሿ ሆቴል ፊቷን አጥታ ቆማለች። ክፍሎቹ ለባሕሩ ተገልጠዋል፤ በአንዱ ግድግዳ ላይ የልብስ መስቀያ ምስማር ይታያል። ከኋላ የተረፉት መስኮቶች ሰማያዊ ናቸው። ቀለሙ አልደበዘዘም።

ጫማዋን አውልቃ ገባች። ድንጋይ ነበር። ሌላ ድንጋይ። ከዚያ እግሯ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ።

ቆመች። በጣቶቿ ዳሰሰችው። ጠባብ ነበር፤ ከካልዮፒ ዳር ተነሥቶ ገደሉን ታኮ እንደ ምላስ የገባ አሸዋ። ከመንገድ አይታይም፤ ከሆቴሉም አይታይም፤ ከውሃው ውስጥ ብቻ ነው የሚታየው። የክረምት አሸዋ አይደለም፤ ክረምት ወስዶ የሚጥለው ሻካራ ነው። ይህ ደቃቅ ነው፤ ለመቀመጥ የመጣ። መንገዱን ተከተለችው። ጠረጴዛው ጋ ወሰዳት።

ጠረጴዛው ትንሽ አዘንብሎ እንደ ቆመ ነበር። አሸዋው እግሩን ከብቦ ሞልቶታል። ፊት ለፊቱ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ሴቫስቲ ተቀመጠችበት። ሞገዱ ተዳፋቱን ወጣ፤ ደከመ፤ የያዘውን አስቀመጠ። ጫፉ እግሯ ጋ ደርሶ ልንካ አልንካ አለ፤ ሳይነካ ተመለሰ።

እንደዚያ ነበር የፈለገችው። ሌላ ምንም አልጎደለውም።

አንድ ክረምት ቢታገስ ያየው ነበር። እሷም አንዴ ብትደውል። ነገ ካልዮፒ አዎ ብትለው ትኬቱን እንደሚቆርጥ ታውቃለች። በማለዳ ይነሣል፤ ያቺ ልጅ ባዶውን አልጋ ዳስሳ ትነቃለች፤ ቀጥሎ ደግሞ ስልኳን ትራሷ ሥር ታደርጋለች። ክረምት ክረምት ያ ስልክ ዝም ሲል ምን እንደሚመስል ከሴቫስቲ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አለቀሰች፤ ነፋሱ ፊቷን እስኪያደርቀው ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ድንጋዮቹ ላይ ወጣች። በጣቶቿ መካከል የቀረውን አሸዋ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ከተረከዟም፣ ከጥፍሯ ሥርም። አንዲት እንኳ አላስቀረችም። ጫማዋን አደረገች።

ካልዮፒ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። «እህስ?»

«የለም» አለች ሴቫስቲ። «ድንጋይ ነው።»

ካልዮፒ ፊቷን አየች፤ ዝቅ ብላ ደግሞ ጫማዋን አየች። «ምንም?»

«ምንም። አይመለስም።»

«እንግዲያው እንደዚያው እለዋለሁ።»

«እኔ ነኝ ያየሁት በይው» አለች ሴቫስቲ። «ያኔ ያምናል።»